ምክሯ ሲያልቅብኝ

መስኮቱን ክፈቺ የሚለውንም ለልጄ ነግሬያታለሁ፣ ትናንት ነው፣ ወይስ ከትናንት በስቲያ፣ ብቻ ብያታለሁ፣ እናትሽ መስኮቱን ክፈቺና ፊትሽን ለነፋሱ ስጪው ትልሻለች ብያታለሁ፣ ትልሻለች ነው ያልኩት፣ ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ። ሻዩንም ነግሬያታለሁ። ፀጉርሽን ታጠቢ የሚለውንም። ዛሬ ምን ልላት ነው።

ጥጡ ድንጋይ ሆኗል። ሰው ብዙ የተኛበት ጥጥ እንዲህ ነው፣ መሀሉ ይጨመቃል፣ ዳር ዳሩ እንዳለ ይቀራል፣ ጨርቁን በምላጭ ተርትሬ ስከፍተው የባለቤቴ ጎን ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ትከሻዋ እዚህ፣ ዳሌዋ እዚህ፣ ጉልበቷን አጥፋ ስለምትተኛ እዚህ ጋ ትንሽ ጉድጓድ፣ ስንቱን ፍራሽ ከፍቻለሁ፣ የሙሽራ፣ የበሽተኛ፣ የሆቴል፣ የማንም ጎን እንዲህ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። መንደፊያ ደጋኑን አነሳለሁ፣ ጅማቱን ጥጡ ላይ አስጠጋለሁ፣ እጄ እምቢ ይላል፣ ብነድፈው ይበተናላ፣ ባልነድፈው ደግሞ ልጅቷ ነገ መጥታ ምን ላይ ትተኛለች፣ ጠዋት ትፈተናለች፣ ከፈተና ወጥታ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ ነገ ማታ እዚህ ናት። ነገ ማታ ታውቃለች።

እናቷ መሞቷን አታውቅም። ይኸው፣ አልኩት። በሆዴም ቢሆን አልኩት።

እኔ አይደለሁም የወሰንኩት፣ ዝም አልኩ እንጂ፣ ዝም ማለት መወሰን ከሆነ እንግዲህ ወስኛለሁ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፣ ከቀብር እንደተመለስን እዚችው በር ላይ ቆማ፣ ስማ፣ ልጅቷ ፋይናል ላይ ናት፣ አሁን ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ዓመቱ ይቃጠልባታል፣ ያቺ ምስኪን ልጄ ትመረቅልኝ ልጄ ትመረቅልኝ እያለች አይደል የሄደችው፣ ትጨርስና እኛ አስቀምጠን እንነግራታለን፣ አንተ ብቻ አፍህን ያዝ፣ አፍ መያዝ ደሞ ላንተ ምን ይከብድሃል። እውነቷን ነው፣ ምን ይከብደኛል፣ በዚህ ቤት የምታወራው ባለቤቴ ነበረች፣ ልጅቷ ከካምፓስ ስትደውል ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ አባዬ፣ በይ እናትሽን አናግሪ፣ አለቀ፣ ከዚያ እኔ ጥጤን እየነደፍኩ እሰማለሁ፣ ልጅቷ የተሸከመችውን ጭንቀት ሁሉ በዚያች ቀጭን ስልክ ስታራግፍ፣ እናቷም ሰብሰብ አድርጋ ስትቀበላት፣ ኧረ አንቺ ምን ሆነሻል፣ ውሃ ጠጥተሻል? በልተሻል? እስቲ መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ትጨነቂያለሽ፣ ጭንቀቱ የትም አይሄድ። ይስቃሉ። ለካ መስማቴ ለዚህ ኖሯል።

እናትሽ ድምጿ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ እንዳታወሪ ብሏታል፣ ይሄን የፈጠረችው እህቷ ናት፣ እኔ ብሆን ይሄን ያህል አላስብም፣ ስነግራት ልጅቷ ምን አለች፣ እማዬ ዝም ስትል አንተ ልታወራ ነው ማለት ነው? ጉድ ፈላ በለኛ! ብላ ሳቀች። ያቺ ሳቅ አንጀቴ ገብታ ቀረች፣ እስካሁን አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ከግድግዳው ላይ ወረድ ስትል ትደውላለች። አባዬ አንድ ገጽ ላይ ተተክዬ ቀረሁ፣ ይሄ ስትረስ ሊገድለኝ ነው፣ ልሞት ነው። አትበዪ! አንቺ ልጅ እንዲህ አትበዪ! ኧረ አባዬ፣ ለወሬ ነው፣ ምን ሆንክ። ለወሬ ነው። ምንም አልሆንኩም። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ እናትሽ መጽሐፉን ክደኚው ትላለች አልኩ፣ ከድነሽ ውጪና የግቢውን ዛፎች ዞር ዞር በያቸው፣ ስትመለሺ እዚያው ይጠብቅሻል፣ እግር የለው። እግር የለው የሚለው ቁርጥ የሷ ነው፣ አምና ነው ያለቻት፣ ልጅቷ ዞረች፣ መልሳ ደወለች፣ ሠራ አባዬ፣ በናትህ እማዬን ሳምልኝ። እሺ አልኩ። ማንን ነው የምስመው።

በማግስቱ ሌላ። ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ አብራሽ ታጥናለች፣ ለብቻ የያዙት ነገር ያብጣል ትላለች። ሌላ ቀን ሌላ። ስልኩን ከአልጋ አርቂው። እየቆነጠርኩ፣ እየቆነጠርኩ፣ ቤት ውስጥ እንደቀረ ስኳር፣ ልጅቷ አንድ ቃል በወሰደች ቁጥር ሴትዮዋ ከኔ ዘንድ አንድ ቃል ትጎድላለች፣ እኔ እንኳ የሷን ነገር ለራሴ ብዬ ያስቀመጥኩት የለኝም፣ ለኔ ምን ትለኝ ነበር፣ ኮፍያህን አድርግ፣ ጥጡ ሳንባህ ገባ፣ ና ብላ። ይሄ ለተማሪ አይሆንም። ይሄ የኔ ነው፣ ይሄን አልሰጥም።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ራዲዮውን ከፍ ያደርገዋል፣ ሰሞኑን አንዲት ድምፀ ለስላሳ ባለሙያ ትናገራለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የዕለት ተዕለት ጭንቀትን ለመቀነስ በቂ እንቅልፍ ማግኘት፣ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግና ስሜታቸውን ለሚቀርቧቸው ሰዎች ማካፈል ይኖርባቸዋል፣ ባለፈው ይሄን ሲሰማ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ፣ ጋሼ ሰማህልኝ? ይቺ ሴትዮ የእትዬን ነው እኮ እንዳለ የላጠችው! እትዬ ብትኖር ፍርድ ቤት ነበር የምትገትራት! አለና ወዲያው ፊቱ ጠቆረ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ አፌ። እኔ ግን ሳቅኩ፣ ወንበሩ ላይ ያለውም ሰውዬ ግማሽ ጭንቅላቱ እንደተላጨ ሳቀ፣ ከሳቅኩ በኋላ ነው ያለቀስኩት፣ ጥጥ ዓይኔ ገባ አልኳቸው፣ የጥጥ ሥራ ደጉ ይሄ ነው፣ ሁልጊዜ ዓይን የሚገባ ነገር አይጠፋም። ስሜታቸውን ለሚቀርቧቸው ሰዎች ማካፈል። ልጅቷ ለኔ ታካፍላለች። እኔስ።

ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳለች። ምን ቀረ፣ እስቲ ላስብ፣ መስኮቱ፣ ሻዩ፣ ፀጉሩ፣ ዛፉ፣ ጓደኛዋ፣ ስልኩ፣ በረጅሙ ተንፍሺ፣ እንደ ፉጨት አድርገሽ አውጪው፣ እሱም ሄዷል፣ ሁሉም ሄዷል፣ ከረጢቱን ባራግፈው ብናኝ የለም።

ስልኩ ይጮሃል። አረንጓዴውን እጫናለሁ፣ የማውቀው እሱን ነው።

አባዬ። ወዬ። ነገ የመጨረሻው ነው እኮ። አውቃለሁ። አባዬ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ዶርም ያሉትን ልጆች ያለ ነገር ጮህኩባቸው፣ ዓይኔን ስጨፍን ገጹ ይመጣብኛል፣ ያነበብኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ፣ አለህ? አለሁ። እማዬ ዛሬ ምን አለች?

ምን አለች። ከራሴ ፈጥሬ በሷ አፍ ላስገባ? ቀላል ነው፣ ማን ያውቅብኛል፣ ተኚ ትላለች ብል ያልቃል፣ ግን እስከ ዛሬ የዋሸሁት መኖሯን ነው፣ ቃሏን አልዋሸሁም፣ ቃሉ ሁሉ የሷ ነው፣ ከአፏ የወጣ ነው፣ ልጅቷ ነገ ሁሉንም ስታውቅ ቢያንስ ይቺ እንድትቀርላት፣ አባቴ ዋሸኝ፣ ምክሩ ግን የእናቴ ነበር እንድትል፣ ዛሬ አንዷን ከቀጠፍኩ ሁሉም ቅጥፈት ይሆንባታል።

ዛሬ ምንም አላለችም፣ እላታለሁ።

መስመሩ ላይ ዝም። ነቃችብኝ። አለቀ። ዓመቷ፣ ምርቃቷ፣ የእናቷ ምኞት፣ በኔ አፍ፣ በዚህ አፌ።

እንኳንም አላለች፣ ትላለች። እንኳንም አባዬ፣ ዛሬ የሷን ነገር ከሰማሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደሞ አልነሳም፣ ነገ ራሴ መጥቼ ጭኗ ላይ ተጋድሜ ነው የማወራት፣ ድምጿ ባይመለስ እንኳ ፀጉሬን ትነካካኛለች፣ አይደል? አንተ በል እስቲ። አንተ ምን ትላለህ?

እኔ?

አንተ አዎ፣ የቤቱ ዝምተኛ።

እኔ ምን እላለሁ፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰውዬ፣ ፍራሽ እየሠራሁልሽ ነው እላለሁ፣ ነገ የምትተኚበት። ውይ፣ እየነደፍክ ነው? አሁን? አሰማኛ! ልጅ ሆኜ እኮ በሱ ድምፅ ነው የምተኛው፣ ትዝ ይልሃል? እማዬ ይቺን ልጅ አንተ እያስተኛህ ስሙን እኔ ወሰድኩ ስትልህ? በሞቴ አሰማኝ፣ ስልኩን ጥጡ ጋ አድርገው።

ይሄኛውን ረስቼው ነበር። ስሙን እኔ ወሰድኩ። ብላለች፣ አዎ ብላለች።

ስልኩን የእናቷ ትራስ ከነበረበት በኩል አስቀምጣለሁ። ደጋኑን አነሳለሁ። እጄ እምቢ ማለቱን ትቷል፣ ልጅ ጠይቃው እንዴት እምቢ ይላል፣ ጅማቱን ትከሻዋ ላይ አሳርፍና በእንጨቱ እመታለሁ፣ ድም፣ ትከሻው ይበተናል፣ ድም፣ ድም፣ ባዘቶው ይነሳል፣ ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ይቅር በዪኝ፣ ድም፣ ዳሌዋ፣ ድም፣ ልጅሽ እንድትተኛ ነው፣ ያቺ ትንሽ ጉድጓድ፣ ጉልበቷ፣ እሷን ለመጨረሻ አቆያታለሁ፣ እዞራታለሁ፣ ድም፣ ድም።

አባዬ። አለሁ። እንዳታቆም። አላቆምም። ትንሽ ልተኛ። ተኚ የኔ እናት።

ትንፋሿ ይረዝማል፣ በስልኩ ይሰማኛል፣ ትንሽ ያንኮራፋታል፣ ማንኮራፋቷም የእናቷ ነው። ነገ የእናቷ እህት አትነግራትም። ዘመድ አይሰበሰብባትም። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ፣ ምን ብዬ፣ እንጃ፣ ከዚያስ ምን እላታለሁ፣ መስኮት ክፈቺ? ሻይ ጠጪ? ዛፉን ዙሪ? እንግዲህ ያንኑ እላታለሁ፣ ሌላ የለኝ፣ ምናልባት አብሬያት እዞራለሁ።

ጉድጓዷን ነደፍኩ። የቀረ የለም። ጥጡ ሁሉ አንድ ሆኗል፣ ደጋኔ አየር ይመታል፣ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ጋሼ በቃው እኮ፣ ደመና አደረግከው ይላል፣ በዓይኔ ስልኩን አሳየዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይመለስና ራዲዮውን ያጠፋል፣ ድም፣ ካቆምኩ ትነቃለች፣ ከነቃች ነገ ይሆናል፣ ድም፣ ተኚ፣ ድም፣ ክንዴ ደህና ነው፣ ድም፣ ተኚ፣