ከድንች ማቆያው የወጡ አበቦች

«ሞቶም ቀጥ ብሎ ነው የተኛው፤ በውሃ ልክ የለኩት ነው የሚመስለው» አለ ማላኪ፣ የሻይ ስኒውን እንደያዘ ክፍቱ የሬሳ ሣጥን አጠገብ ቆሞ። ሳሎኑን የሞሉት ጎረቤቶች ሳቁ። ደርቭላም ሳቀች፤ ወዲያው መሳቋ ራሱ አስደነገጣት። ባሏ ፊንታን ከሞተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ማላኪ ከፊንታን ጋር ሃያ ዓመት ድንጋይ የካበ ሰው ነው። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«የአበባ ትርኢቱ ሰዎች ደውለው ነበር። እስከ ማታ መልስ ይፈልጋሉ። እንተወው ብትዪ ማንም አይቀየምሽም።»

«ካቡስ?»

«አልቋል። ኩሬውም ውሃ ይዟል። የቀረን ተክሉ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እንሠራዋለን በላቸው።»

ፊንታን ከሞተበት ከሰኞ ወዲህ ቆርጣ የተናገረችው ነገር ይህ ብቻ ነበር። ማላኪ ስኒውን አስቀምጦ ሊደውል ወጣ።

ፊንታን ዕድሜውን የሰው ግቢ ሲያሳምር ኖሯል፤ የራሱ ግቢ ግን ሳማና የተሰባበረ ሸክላ ነው። ደብሊን ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የአበባ ትርኢት፣ ለአምስት ቀን ታይቶ የሚፈርስ ግቢ ለመሥራት አራት ጊዜ አመልክቶ አራቴም ወደቀ። በአምስተኛው ተፈቀደለት። ማመልከቻው ላይ የጻፈው አንድ ተክል ብቻ ነበር፤ እናቱ ከረግረጉ ዳር ነቅላ ደጃፏ ላይ የተከለችው፣ አይሪስ የሚባል ሰማያዊ አበባ።

«ሌላም ጨምርበት እንጂ» ብላው ነበር ደርቭላ። «ዳኞቹ የጻፍከውን ወረቀት ይዘው ነው የሚፈትሹህ። አበባው ቢከዳህስ?»

«ታዲያ ከሷ ሌላ ማንን ላሳይ?»

ያን ቀን ነው የነገራት። እናቱ ስትቀበር እሱ እንግሊዝ አገር የቀን ሥራ ላይ ነበር፤ ወሬውም የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሲመለስ ቤቱ ተሽጦ፣ ደጃፉ ላይ አይሪሱ ብቻ ቀርቶ ጠበቀው። በአሥራ አራት ዓመት ትዳራቸው ስለ እናቱ አንድም ቀን አውርቷት አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ መጣ። አበባው ከትርኢቱ በፊት ፈክቶ እንዳይረግፍ፣ ከእናቱ አይሪስ አራብቶ የተከለባቸውን ስልሳ ማሰሮዎች ከጎረቤታቸው ከእትዬ ብሪዲ ቀዝቃዛ የድንች ማቆያ አስገባው። በየምሽቱ ሄዶ ያያቸዋል፤ ጆሮው ከብርዱ ቀልቶ ይመለስና «ተኝተዋል» ይላታል፣ ሕፃናት ያስተኛ ይመስል።

ከቀትር በኋላ እትዬ ብሪዲ እጅጌያቸው እንደራሰ ገቡ። ለሟች ጸልየው ደርቭላ አጠገብ ዘጭ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አታስቢ። እኔና እህቴ ጨርሰነዋል።»

«ምኑን?»

«አበባውን ነዋ! ፊንታንን የሚያህል ሰው በሱቅ አበባ ሊቀበር ነው እንዴ? ትርኢቱ እንደሆነ ከሱ ጋር ቀርቷል። እነዚያን አይሪሶች ትናንት አውጥተን ምድጃ ዳር ብናሳድራቸው ፈኩልን፤ አንድ ሳናስቀር ቆረጥናቸው። መንበሩ በይው፣ መስኮቱ በይው፣ ሰማያዊ ብቻ ነው። ለእናቱ እንኳ እንዲህ አልተደረገላትም።»

በዚያ አገር የሐዘን ቤት ሰው አይጠየቅም፤ ይሠራለታል። መቃብሩንም የቆፈሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እንቁላል የተሞላውን ዳቦም ያመጡት እነሱ ናቸው።

ደውሎ የተመለሰው ማላኪ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል። አፉን ሊከፍት ሲል ደርቭላ ቀና ብላ አየችው፤ ዘጋው። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለትርኢቱ ሰዎች እንደገና ሊደውል ወደ ደጅ ወጣ።

የደርቭላ ዓይን እትዬ ብሪዲ እጅ ላይ አረፈ። ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው ሥር በአበባው አገዳ ጭማቂ አረንጓዴ ሆነዋል። ተነሥታ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነከረች፤ ተመልሳ አንድ እጃቸውን ጭኗ ላይ አደረገችና ጣት በጣት ትጠርግ ጀመር።

«ተይው የኔ ልጅ፣ በራሱ ይለቃል» አሉ አሮጊቷ።

ደርቭላ ጨርቁን ጨምቃ ሁለተኛውን እጅ ሳበች።