ከሥራው በፊት የተነሳ ፎቶ

ቆሻሻውን መልሳችሁ አምጡት ያለን ሰው እብድ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስጨርስ «ጤነኛ ሰው እንዲህ አይልም» እንዳትሉኝ ነው። ጤነኛ ነው። ሸሚዙን አስተኩሶ ይለብሳል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘን ስለ ልጆቻችን ይጠይቃል፣ ፋርማሲ አለው፣ የሰፈራችን የመናፈሻ ኮሚቴ ሊቀመንበርም ነው። ሱሪዎቹን የማሳጥርለት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው አንዱን እግር ከሌላው አስረዝሜ በሰጠሁት ያሰኘኛል።

የልብስ ስፌት ቤቴ ከመናፈሻው የኋላ በር ፊት ለፊት ነው። ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ ከተሰበረው ዥዋዥዌ ጀርባ ያለው ጥግ ነው። ድሮ ጥጉ የሰፈሩ ሁሉ መጣያ ነበር። አንድ ቀን የእታለም ልጅ ኳስ ስታባርር እዚያ ገብታ የጠርሙስ ስባሪ የውስጥ እግሯን ተረተረው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ልጅቷን አሰፍታ መጣች፣ አስተኛቻት፣ ከዚያ አካፋና ጆንያ ይዛ ወጣች። ለማንም ምንም አላለችም።

ማጽዳቱስ ቀላሉ ነበር። አሳር ያበላት ሰዉን ማስቆሙ ነው። ከሥራ ስትመለስ የተሰበረ ጃንጥላዋን ይዛ ጥጉ ላይ ትቆማለች። ፌስታል ያንጠለጠለ ሁሉ ሲመጣ የምትናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አንሳው!» ወይ «አንሺው!» ያልሰደባት የለም። ከመናፈሻው አጠገብ ካለው ፎቅ ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ሹፌር «የአባትሽ መሬት ነው?» ብሎ ሙሉ ባልዲ እግሯ ሥር ደፋባት። እታለም ጎንበስ ብላ ባልዲውን መልሳ ሞላችና እስከ ደጁ ድረስ ተሸክማለት ሄደች። ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ ሳቀበት። «ዘበኛዋ» የሚል ስም የወጣላት ያኔ ነው።

ሹፌሩ አንድ ወር አኩርፎ ከረመ። ከዚያ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ክንድ የማታህል የወይራ ችግኝ ይዞ መጣና «የት ልትከላት?» አላት። ከሱ በኋላ ሌላውም እየተግደረደረ መጣ። ግራር ተተከለ፣ አበባ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተሠራ። ስማቸውን የማላውቃቸው ቢጫ ወፎች መመላለስ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር ነው፤ ማንም ሳንቲም አልሰጠንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

የቸገረን ውሃ ነው። በጋ ሲገባ ከኔ ቤት ቧንቧ በጀሪካን እናመላልሳለን፤ የኔ ቧንቧ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይጠፋል። የእታለም ወገብ ከዚያ ሁሉ አንሶላ በኋላ ጀሪካን አልችል ብሏል። የዘንድሮው በጋ ገና ሳይጋመስ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። የውሃ ታንከር ካላገኘን ችግኞቹ እንደማይተርፉ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ለሰፈር ሰዎች የመናፈሻ ሥራ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ አለ ሲባል ነፍሳችን መለስ አለች።

ከፈንዱ የተላከው ልጅ ታብሌት ታቅፎ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ወይራውን ነካ ነካ አደረገ፣ ወፎቹን ፎቶ አነሳ።

«በጣም ያምራል» አለ። «ችግሩ ማማሩ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለችው እታለም።

«ፈንዱ የሚደግፈው ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው፣ እህቴ። ከሥራው በፊት የተነሳ ፎቶ ይጠየቃል። እዚህ ምን ችግር አለ ብዬ ላሳይ?»

«ችግሩን እኮ እኛ ጨረስነው! ውሃ ብቻ ነው ያጣነው።»

«ይገባኛል። ግን ታንከር ለብቻው አይሰጥም፤ ከጽዳትና ከተከላ ጋር ነው የሚሰጠው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮን የቆመውን ሊቀመንበር አየው። «የድሮው ፎቶ ቢኖራችሁ ኖሮ…»

የድሮ ፎቶ የለንም። ልጇ እየደማች ፎቶ የምታነሳ እናት የት አለች?

ማታውኑ የኮሚቴው አባላት፣ እኔና እታለምም ጭምር፣ ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ በመድኃኒት ካርቶኖች መሃል ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ሐሳቡን አቀረበ። አንድ መኪና ቆሻሻ ይምጣ፣ ጥጉ ላይ ይራገፍ፣ ልጁ ፎቶውን ያንሳ፣ መኪናው መልሶ ይጫነው። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው አለ። ደረቅ ቆሻሻ ይሆናል፣ አይሸትም አለ። ዓይን ያወጣ ነገር እንዲህ ለስለስ ብሎ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ፌስታል ለማስቆም ነው ሁለት ዓመት የቆምኩት» አለች እታለም። «አንድ ከተጣለ መቶ ይከተለዋል። እኔን ጠይቁኝ።»

«እህቴ፣ ስሜታዊ አንሁን። ለችግኞቹ ብለን ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ሐሰት ነው! እናንተ ደግሞ ሐሰቱን በመኪና ልታስጭኑ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሊቀመንበሩ እንደ ልጅ አባበለኝ። እጅ ይውጣ ተባለ። ከእኔና ከእታለም በቀር የሁሉም እጅ ወጣ። ሹፌሩ የኮሚቴ አባል አይደለም፤ ማንም አልጠየቀውም።

እታለም «በሉ እንግዲህ፣ ዓይኔ እያየ አይሆንም» ብላ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋ ሄደች። ልጇን እኔ ጋ ተወቻት። መኪናው ወደ ኋላ እየተንደረደረ ገባና ጭነቱን ዘረገፈው። የተቀደደ ፍራሽ፣ ጫማ፣ ፕላስቲክ፣ የተሰባበረ ጠርሙስ። ውሃ የለመንንላቸውን ችግኞች ጎማው ሲደፈጥጣቸው ከመስኮቴ አየሁ። ከተሰበሩት አንዷ የሹፌሩ ወይራ ናት።

የፈንዱ ልጅ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያነሳ፣ «ሕፃን ልጅ ቢኖርበት ነገሩ ልብ ይነካል» አለ። ሊቀመንበሩ ዞር አለና የእታለምን ልጅ በሬ ላይ ቆማ አያት።

«ነይ የኔ ቆንጆ። ጫማሽን አውልቂና እዚህ ጋ ቁሚ። አትስቂ፣ እሺ?»

ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ትልቅ ሰው ሲጠራት ትሄዳለች። እግሯን አንስታ ጫማዋን ስታወልቅ የተሰፋው የውስጥ እግሯ ጠባሳ ታየኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ ነው የሮጥኩት። የፈንዱ ልጅ ታብሌቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ትዝ ይለኛል። ሊቀመንበሩን ምን እንዳልኩት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እዚህ አልደግመውም። ልጅቷን አቅፌ ስመለስ «አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። 

ፎቶው ያለ ልጅ ተነሳ። መኪናው ግን ቆሻሻውን ሊጭን አልተመለሰም፤ ሌላ ሥራ ተገኝቶለት ሄደ። ሰኞ ይመጣል ተባለ፣ ከዚያ ሐሙስ ተባለ፣ ከዚያ ስልኩም ተዘጋ። ክምሩን ያየ ሁሉ የራሱን ጨመረበት። እታለም ማታ ማታ በጆንያ እየሞላች ታነሳለች፣ ጠዋት እጥፉ ይቆያታል። አንድ ቀን ከክምሩ ውስጥ የፋርማሲውን ካርቶኖች አገኘን። የፋርማሲውን ሠራተኛ ጠየቅኩት። «ሁሉም ሲጥል ጊዜ፣ ድሮ ወደነበረበት ተመለሰ ብዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ወፎቹ ቀሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሊቀመንበሩ ፊቱ በርቶ መጣ። እታለም ክምሩ መሃል ቆማ ነበር።

«ተፈቀደልን!» አለ። «ፎቶው ችግራችንን በደንብ አሳይቷል አሉ። ታንከሩ ይመጣል!»

እታለም አካፋውን ዘረጋችለት። «እንኳን ደስ ያለህ። ሥራው ገና አልተጀመረም አይደል? በል ጀምር።»

የተቀበለው ግራ ስለገባው ይመስለኛል። አንድ ሁለቴ ቆፈር አደረገና ጫማውን አየ። ያኔ ነው ጡረተኛው ሹፌር ከፎቁ የወጣው። በእጁ ያ የድሮው ባልዲ አለ፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሊቀመንበሩን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ እታለም ፊት ቆመ።

«እኔን በአንድ ባልዲ በሰፈር ፊት አዋረድሽኝ። ልክ ነሽ ብዬ ተቀበልኩ» አለ። «ኮሚቴሽ በመኪና አምጥቶ ወይራዬ ላይ ሲደፋ የት ነበርሽ፣ ዘበኛዋ?»

ባልዲውን እንደ መጀመሪያው ቀን እግሯ ሥር ደፋው።

እኔ በሬ ላይ ቆሜ ያችን አንድ ቃል ጠበቅኩ። ጃንጥላዋ እጇ ላይ ነበር። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ሹፌሩም የጠበቀ ይመስለኛል፣ ወዲያው አልሄደም። ቆይቶ ባዶ ባልዲውን አንጠልጥሎ ቀስ እያለ ገባ።

ሮጬ ሄጄ ትከሻዋን ያዝኳት። «እታለም፣ አንሳው በይው እንጂ! ምን ሆነሻል?»

«በምን አፌ?» አለችኝ።