ለሳዮ የተሰጠ አበባ

መርማሪ ኦሳናይ በሩን በእርግጫ ከፈተው። የአራተኛ ክፍል ልጆች እንግዳ ሲገባ መነሳት ተምረዋልና ሁሉም ብድግ አሉ። መምህር ቶጋሺ ጠመኔውን እንደያዘ ዞር ከማለቱ ጥፊው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። መነጽሩ ተስፈንጥሮ ምድጃው ሥር ገባ።

«ማባዣው የት ነው?» አለ ኦሳናይ።

«የምን ማባዣ?»

ሁለተኛው ቡጢ ነበር። ቶጋሺ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር ተላትሞ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ልጆቹ ጮኹ። ከኦሳናይ ጋር የመጣው ወጣት ፖሊስ በሩን ዘግቶ ቆመ፤ ርዕሰ መምህሩ ኩዶም ጥግ ይዞ የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር። ኩዶ ዕድሜውን ሙሉ ጫማውን ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

ማባዣ የሚሉት አንድ የእንጨት ሳጥን ይህን ሁሉ መዓት አመጣ ቢባል ማን ያምናል? በዚያ በረዶ በሚቀብረው የሰሜን አገር ያሉ መምህራን አንድ ልማድ ነበራቸው። ልጆቹ የኑሯቸውን ነገር ይጽፋሉ፤ መምህሩ ጽሑፋቸውን እስቴንስል በሚሉት ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ በብረት ብዕር ይጭርና በማባዣው አትሞ፣ ሰፍቶ፣ ከተራራው ማዶ ላሉ ባልንጀሮቹ በፖስታ ይልካል። እነሱም ለየክፍላቸው ያነቡታል፤ የእነሱም ልጆች መልስ ይጽፋሉ። አንዱ መምህር ክፍልፋይን ፍጅል እየቆረጠ ቢያስተምር በወሩ አገሩ ሁሉ ፍጅል ይቆርጣል። መጽሐፍ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት አለ?

ታዲያ አንድ ልጅ «አባቴ ሩዝ ያመርታል፣ እኛ ግን ዳጉሳ እንበላለን፣ ለምን?» ብሎ ጻፈ። ይህች «ለምን» ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች። የቻይናው ጦርነት አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መንግሥት «ለምን» የሚል ሰው ማየት አይፈልግም። መምህራኑ እየታፈሱ ተወሰዱ። አንዱ የቶጋሺ ባልንጀራ ከጣቢያ የወጣው በሳንቃ ላይ ተጋድሞ፣ ሰሌን ለብሶ ነው። ለእናቱ «ብርድ ነው የገደለው» አሏት።

ማባዣው ያለው ከተራራው ማዶ፣ መምህርት ሃታኖ ቤት ነው። ቶጋሺ ባለፈው ሳምንት በበረዶ ላይ በሚጎተት ሳንቃ ጭኖ ራሱ አድርሶላታል፤ ከኋላ ሆና የገፋችለት ተማሪው፣ የከሰል አክሳዩ ልጅ ሳዮ ነች። ሃታኖ ደረቷን ታማለች፣ ደም ትተፋለች። አንድ ቀን ጣቢያ ብትውል አትተርፍም። ቶጋሺ ወለሉ ላይ ተዘርሮ የሚያስበው እሷን ብቻ ነበር።

ኦሳናይ ወደ ልጆቹ ዞረና ድምፁን አለሰለሰ። «ቁጭ በሉ፣ የኔ ልጆች። ጽሑፋችሁን በሙሉ አንብቤያለሁ። እውነቴን ነው፣ ወድጄዋለሁ። ጋሼ ቶጋሺ ምን ብለው ነው የሚያስተምሯችሁ?»

መልስ ሳይጠብቅ ከኪሱ አንዱን ጥራዝ አወጣና ሽፋኑን ራሱ አነበበላቸው። «‹ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጻፍ።› ግሩም እኮ ነው! እኛም ፖሊሶች የምንለው ይህንኑ ነው። በሉ ወረቀት አውጡ። ማባዣውን የት እንደወሰደው ያየ ይጻፍ። አንድ ሰው እስኪጽፍ ድረስ እኔ ሥራዬን አላቆምም።»

ሥራውን ጀመረ። የቀርከሃውን መጠቆሚያ ዘንግ አንስቶ እስኪሰበር ድረስ ቶጋሺን ጀርባው ላይ ቀጠቀጠው። ዘንጉ ሲሰበር በጫማው ቀጠለ። «እስቴንስል የምትጭረው በዚህኛው ነው አይደል?» አለና ቀኝ እጁን በተረከዙ ረገጠው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ቶጋሺ ጮኸ፤ በልጆቹ ፊት መጮሁ ከጣቶቹ በላይ አመመው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ልጅ ሽንቱ አመለጠው።

«ልጆች፣ እባካችሁ ጻፉ» አለ ኩዶ ከጥጉ።

ሳዮ እርሳሷን አነሳች።

ቶጋሺ ከወለሉ ላይ አያት። ሳዮን የመሰለ ዓይነ ስል ልጅ በክፍሉ የለም፤ ግን ያላየችውን ትጨምራለች። ቶጋሺ፣ ያየውን ብቻ ለጻፈ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም ክብ ይሠራና ዙሪያውን ቅጠል እያወጣ አበባ ያደርገዋል። ልጆቹ ለዚያ አበባ ይሞታሉ፤ እሱ ግን እዚያው ለምትማረው ለወንድሙ ልጅ እንኳ አላደላም። ሳዮ ግን በሦስት ዓመት አንድም አላገኘችም። አንድ ቀን «የሐይቁን በረዶ እንደ አያቴ ያስለዋል» ብላ ብትጽፍ በቀይ ሰርዞ «ሐይቅ ሳል የለውም» አላት። «ሰምቼዋለሁ እኮ ጋሼ!» ብላ ብታለቅስም ፍንክች አላለም። በዚህ ነገር ድርቅ ያለ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ‹ያየሽውን ብቻ ጻፊ› እያለ ሦስት ዓመት የለመናትን ዛሬ ልትፈጽምልኝ ነው ብሎ ፈራ።

«ሳዮ፣ ተይ!»

እርግጫው አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋው።

ሳዮ ጽፋ ስትጨርስ ኦሳናይ ወረቀቱን ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበ።

«እኔና ጋሼ ማባዣውን ጎትተን ሐይቁ ላይ ወጣን። የዓሣ አጥማጆቹ የድሮ ጉድጓድ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ጋሼ በመጥረቢያ ሰበሩት። ማባዣውን በሰማያዊ ገመድ አስረው ለቀቁት። ገመዱ መዳፋቸውን ላጠው። ሲሰምጥ ቀለሙ ወጣና ውኃው ጠቆረ። በረዶውን እንደ አያቴ ያስለው ነበር። ጋሼ አለቀሱ።»

ቶጋሺ ባላበጠው ዓይኑ ልጅቷን አያት። ከዚህ ሁሉ አንድም የሆነ ነገር የለም። ሰማያዊ ገመድ በቤቱ ኖሮ አያውቅም። ቢሆንም ጥቁሩ ውኃ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት።

ኦሳናይ ሞኝ አይደለም። «ይህች ያቺ ቀጣፊዋ አይደለችም እንዴ? ቤትህን ስፈትሽ ደብተሯን ጠረጴዛህ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከላይ እስከ ታች ስርዝ በስርዝ ነው።» ወረቀቱን ወለሉ ላይ ወረወረለት። «አንተ ለውሸት አበባ አትሰጥም አሉ። የወንድምህን ልጅ እንኳ ከልክለሃታል። በል፣ አርም!»

አበባው እዚያ ክፍል ውስጥ ከመሐላ ይበልጣል። ቶጋሺ ደሀ ነው፣ ሚስት የለውም፣ ሹመት የለውም፤ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ አንድ አበባ ብቻ ነበር። ልጆቹ ሁሉ እያዩት የግራ እጁን ጣት አፉ ውስጥ ከተተና በደሙ ክብ ሠራ። ዙሪያውን ቅጠል አወጣለት።

ሳዮ አበባዋን አየች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በይ!» ብሎ ጮኸባት ቶጋሺ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲጮህባት የመጀመሪያው ነበር። «ጥሩ ጽፈሻል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ኦሳናይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «መጥረቢያ አምጣ» አለው ወጣቱን ፖሊስ።

ቶጋሺን አስረው በበረዶው ላይ እየጎተቱ ሐይቁ መሐል ወሰዱት። የሳዮ አባት ከሐይቁ ዳር ከሰሉን ሲጭን አያቸው። ቶጋሺን አየ፣ መጥረቢያውን አየ፣ ከዚያ ጭነቱን እዚያው ጥሎ ወደ ተራራው ሮጠ። ቶጋሺ ሰውዬው ዛፎቹ መሐል እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። መልእክቱ ሲደርሳት ሃታኖ ማባዣውን ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሳይመሽም ወደቡ ላይ ወንድሟ ቤት ትደርሳለች። ፖሊሶቹ የድሮውን ጉድጓድ ሰበሩት፣ በረጅም መንጠቆ ፈተሹት። ምንም የለም። ሌላ ጉድጓድ ሰበሩ። ሌላም ደገሙ። በመጨረሻ ኦሳናይ ቀና ብሎ አየውና መጥረቢያውን ገልብጦ በእጀታው በኩል መጣበት።

መጀመሪያ ጉልበቱን ነው የመታው። ቀጥሎ ጎኑን። ቶጋሺ በግንባሩ ተደፋና ጆሮው በረዶው ላይ ተለጠፈ። «ውሸታም!» ይላል ኦሳናይ ከላይ፣ «ውሸታም! አበባህን አበላሃለሁ!» ከሥር ደግሞ፣ ከጥልቁ፣ ሌላ ድምፅ መጣ። ደረቅና የተቆራረጠ ነው። ቆም አለ፣ ትንፋሽ የሚወስድ መሰለ፣ ደግሞ ቀጠለ።

ሐይቁን በእውነት ያስለው ነበር። ቶጋሺ የሚቀጥለው ምት እስኪያርፍበት ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀይ የሰረዘባትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውስ ጀመር።