ለሳክስፎን የተጻፉ በሬዎች

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በመካነ ኢየሱስ የወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤት የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ተለወጠ። የወረዳው ገዢ ቆመው አዩ። ጸሐፊው ቀኑን መዘገበ። መስኮቱ ሥር የተሰበሰበው ባለጉዳይ ሁሉ የመጣው ስለ ርስቱ መሆኑን እርስ በርሱ አረጋገጠና ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከሁሉም ይልቅ ደስ ያለው ሞላልኝ ነበር። ሞላልኝ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ሳክስፎን ነፍቷል። በእስቴ ምድር ኖታ የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው ይባላል። እሱም አላስተባበለም። እውነቱ ግን ዐሥራ አንዱንም ዓመት የነፋው በጆሮው ነው፤ ወረቀቱን የሚገልጠው ጎረቤቱ ሲገልጥ እያየ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቱ ዝንብ ሲያባርር እሱም ገልጧል።

ትምህርት ቤቱ አንድ ሳክስፎን አለው። ዳይሬክተሩ እንደነገሩት፣ ለወላጆች በዓል ከደብረ ታቦር የትምህርት እንግዳ ይመጣሉ፤ የትምህርት ቤቱ ባንድ አንድ ዘመናዊ ዘፈን በጃዝ አቀናብሮ ካላሰማቸው መሣሪያው ለሚሠራበት ትምህርት ቤት ይላካል። ሞላልኝ ሚስትም ልጅም የለው። ያለው ይኸው ሳክስፎን ነው፤ እሱም የራሱ አይደለም።

ዘፈኑን መምረጥ አላስቸገረም፤ ሐሙስ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሬዲዮው የሚያሰማው፣ አገሩ ሁሉ የሚያንጎራጉረው አንድ ነበር። ችግሩ እሱን የሚጫወቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች መሆናቸው ነው። የሞላልኝ ባንድ አራት ሰው ነው፦ እሱ ራሱ፣ ባለአኮርዲዮኑ መምህር አንዳርጌ፣ ከወገዳ የመጣው ባለመሰንቆ ጥጋቡና ከበሮ መቺው ወርቁ። ዐሥራ ስምንቱን ለአራት ማካፈል ሆነ ሥራው። ወፍራሙን ድምፅ ለአኮርዲዮኑ ግራ እጅ ሰጠ። የቫዮሊኖቹን ለጥጋቡ ሰጠ፤ ጥጋቡም ስድስት ቫዮሊን በአንድ ጭራ የሚያስጎትት ጌታ ገና አሁን ማየቱን ተናገረ። መካከል ላይ ግን ዘፋኙ ዝም ሲል ጥሩምባዎቹ ብቻቸውን የሚዞሩት ረጅም ዙር አለ። ያንን ሞላልኝ ለሳክስፎኑ አስቀረው። ይሁንና ከመስኮቱ ሥር ሰምቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲራመድ ግማሹ ይጠፋዋል፤ መንገዱ ላይ ያለችውን ወንዝ ሲሻገር የቀረው ግማሽ።

ሁለት ሐሙስ እንዲህ ካለፈ በኋላ ወደ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሄደ። መሪጌታ በልጅነቱ በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ያስተማሩት የኔታው ናቸው፤ እሱ ግን በዐሥራ አራት ዓመቱ ጥሏቸው ጠፍቷል። አሁን በከተማው ደብር ዜማ ያስተምራሉ። አንድ ጊዜ የሰሙት አይጠፋቸውም። ደግሞም ሐሙስ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ተፈረደላቸው ርስት፣ ከመስኮቱ ሥር አይጠፉም።

«እኔ ዘፈን አልሰማም» አሉት።

«አውቃለሁ የኔታ።»

«የምሄደው ለርስቴ ነው።»

«አውቃለሁ የኔታ።»

ሞላልኝ ከዙሩ የቀረችውን ታህል በአፉ አዜመላቸው። መሪጌታ ቆሎ ውስጥ ጠጠር እንደነከሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሦስተኛው ላይ አይወጣም፤ ይወርዳል» አሉ። «ከዚያ ነው የሚንቀጠቀጠው። ድጓውንም እንዲህ እያደረግህ ነው የተውከው።»

ብዕራቸውን አወጡ። የዜማ ምልክት ግን ከቃል ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ዙሩ ደግሞ ቃል የለውም። የመጽሐፍ ቃል እንዳይጽፉ አይደፈር። የዘፈኑን ግጥም እንዳይጽፉ አልሰሙትም። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ የሰፈሩን በሬዎች ስም በጥቁር ጻፉ፤ ቡሬ፣ ጉራች፣ ዳልቻ፣ ቦራ፣ ወይኖ። ከየራሳቸው ላይ በቀይ ቀለም ምልክቱን አኖሩ፤ ለቡሬ የሚወርደውን፣ ለጉራች የሚንቀጠቀጠውን።

«በሬ ኃጢአት የለበትም» አሉ።

ሞላልኝ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ለምኑ? እኔ ያደረግሁልህ ነገር የለም። ምስጋናህን ለበሬዎቹ ስጥ።»

እሱም የታዘዘውን አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርቁን ቡሬ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣለት ነበር። ወርቁ ሳክስፎን ቀስ በቀስ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለሚስቱ አስረዳ።

በዓሉ ደረሰ። ወረቀቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በአትሮንስ ላይ ተዘረጋ፤ አትሮንሱን ማን ከቤተ ክርስቲያን እንዳዋሰ የጠየቀ የለም። ቀሳውስቱ ከፊት፣ የወረዳው ገዢ ከጎናቸው ተቀመጡ፤ የኔታ በቀሳውስቱ መካከል ዓይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸውን ተደገፉ። የደብረ ታቦሩ እንግዳ አቶ ደምሌ ተነሥተው፣ ኖታ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት መማራቸውን፣ ያ ወረቀትም ከሩቁ ሲታይ እንከን የሌለው መሆኑን ተናገሩ። ተጨበጨበ።

ባንዱ ጀመረ። ሞላልኝ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሩን በእውነት እያነበበ ሊነፋ ነው፤ በልቡም አንድ በአንድ ያመሰግናል፤ የኔታን፣ ባትሪውን፣ በሬዎቹን። ዙሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አቶ ደምሌ፣ ከኖታው ጋር ልከታተል ብለው፣ መጥተው ወረቀቱን ከአትሮንሱ አነሡት። አዩት። ቡሬ ይላል። ቀና ብለው ሕዝቡን አዩ፤ እንከን የለውም ብለዋልና ወረቀቱን እንደያዙ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ራሳቸውንም እየነቀነቁ ዓይናቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ይነዱት ጀመር።

ዙሩ ደረሰ። ሞላልኝ አንድ ድምፅ ነፋና ቆመ። የሚገልጥለት ጎረቤት የለም። የአንዳርጌ አኮርዲዮን አውድማ ላይ እንዳለ በሬ እዚያው በዚያው ይዞራል። የሳክስፎኑ ሳጥን፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ በዓይኑ መጣበት።

«ቡሬ…» አለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ከፊት ረድፍ፤ ወረደ። «ጉራች…» ተንቀጠቀጠ።

የኔታ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ነበሩ። ሞላልኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳክስፎኑን ወደ አፉ መለሰና በሬ በበሬ ተከተላቸው። ከኋላ አንድ ገበሬ፣ ጉራች የእሱ መሆኑን ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ነገረው።

በዚያ ዙር ውስጥ፣ ወይኖ ላይ፣ የሬዲዮው ዐሥራ ስምንት ሰዎች በአንድነት የሚመቱባት አንዲት ቦታ አለች። ከሚጠበቀው ምት ጥቂት ቀድማ ትመጣለች፤ ብዙ ሐሙስ ያልሰማት ሰው አያገኛትም። እዚያች ላይ የቀሳውስቱ መቋሚያ ሁሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ጊዜ መሬቱን መታ። የወረዳው ገዢና የአቶ ደምሌ ጫማም አብሮ መታ።