ከውስጥ የተቆለፈው በርና ያልተከፈተው ድረ ገጽ

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው። ተጨምሮበት ከሆነ ዓይኔ ይጥፋ፤ ሁለቱም። እንዲያውም ለአንባቢ ልብ ተብሎ የተቀነሰው ይበልጣል።

ሰፈሩ «አንደኛው» የሚለው ድረ ገጽ ሠሪ ነበር። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ለደንበኛ ሁሉ «ሰው በስልኩ ሲፈልግ አንደኛ የምትወጣው አንተ ነህ» እያለ ስለሚምል ነው። በምድር ላይ በሙያው የሚስተካከሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል።

ታላቅ እህቱ ቁልፍ ሠሪ ናት። ሃያ ዓመት የሠራችበት ሱቅ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሶባት፣ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ደረጃ ሥር ገብታለች። የት እንደገባች ያወቀ ደንበኛ የለም። ነገ ጠዋት ወንድሟ የሚሠራላት ድረ ገጽ ሲከፈት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ፈልጎ ካላገኛት፣ ሱቁን ዘግታ ቤቷ መቀመጧ ነው።

«በል እንግዲህ፣ አንደኛነትህን እንየው» አለችው።

«እትዬ፣ አንቺ ሞረድሽን ያዢ። ሌላውን ለእኔ ተይው።»

አንደኛው ከሱቁ ጥግ ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አደረገ። ሰዎች የሚፈልጉባቸውን ቃላት ለቀመ፤ ለየገጹ ርዕስና መግለጫ ሰጠ፤ ለፎቶዎቹም ስም አወጣላቸው። «ቁልፍ ማስቀረጽ» በሚለው ቃል ላይ ግን መቶ ሱቅ ቀድሞ ተሰልፎበታል። አንደኛ ለመውጣት ማንም ያልነካው ቃል ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ጨመረ፦ «ሰው የሌለበትን፣ ከውስጥ የተቆለፈ በር እንከፍታለን።» በዚህ ቃል የሚፎካከረው ነፍስ አልነበረም።

ምሳ በልተው ብዙም ሳይቆዩ በድረ ገጹ ማዘዣ ቅጽ መልእክት ገባ። ድረ ገጹ ገና ዝግ ነው፤ የማለፊያ ቃሉን ከእሱ በቀር ማንም አያውቀውም።

«በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ሰው የለበትም። መጥታችሁ ክፈቱ።»

አድራሻው የፈረሰው ሱቅ ነው።

እህቱን አያት፤ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ያው መልእክት እንደገና ገባ። ቀጥሎም ሦስተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ልቡ ቀጥ ይል ነበር፤ አንደኛው ግን ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣ።

ቦታው ሜዳ ሆኗል። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ። የድሮው በር ብቻ ከነመቃኑ ቆሟል። በጠራራ ፀሐይ ዙሪያውን ዞረው። ከኋላው አቧራ እንጂ ሌላ ነገር የለም። እጀታውን ቢይዘው አልዞር አለ። ጆሮውን ለጠፈበት።

ከውስጥ ሞረድ ይሰማል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ሰው ቁልፍ ይሞርዳል።

«ማነው?» አለ አንደኛው።

ሞረዱ ቆመ። ከዚያ በበሩ ሥር አዲስ ቁልፍ ተንሸራቶ ወጣና ጫማው ጫፍ ላይ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሲነካው ገና ከሞረድ እንደወጣ ይሞቃል። በሩን ከዚህ ወገን እንዲከፍት ነው የተሰጠው። ከወዲያ ያለው ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀው መሆኑን በቆዳው አወቀ።

ቁልፉን እዚያው ጥሎ ሰባት ሰፈር በአራት ደቂቃ አቋርጦ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ድረ ገጹን ነገ አንከፍተውም» አላት እያለከለከ፣ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሯት ሲያበቃ። «ያ ገጽ የማይጠራ ነገር ጠርቷል። ሱቁም ይቅር፣ ደንበኛውም ይቅር።»

እህቱ የያዘችውን ቁልፍ እፍ ብላ ብናኙን አራገፈች።

«ከምሳ ወዲህ ከዚያ ወንበር አልተነሳህም» አለች በለሆሳስ። «አንኮራፍተህም ነበር። መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ። የማለፊያ ቃሉን ግድግዳዬ ላይ ጽፈህ ‹እየሞከርሽ ቆይ› ያልከኝ አንተ አይደለህ? የምጽፈው ቢጠፋኝ ካንተው ገጽ ላይ ወሰድኩ። ደርሷል የሚል ነገር ስላልመጣልኝ ሦስቴ ላክሁት።»

«አድራሻውስ? የፈረሰውን ሱቅ ማን አመጣው?»

«እሱንም ከገጽህ ላይ ነው የገለበጥኩት፣ ወንድሜ። ሁሉም ገጽ ላይ የጻፍከው የድሮውን ነው። ነገ አንደኛ ብወጣ እንኳ፣ ሰው እኔን ብሎ የሚሄደው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።»