ወደ ግራ ዘንበል

ዮርጎቫንካ የሞተ ባሏን የምታገኘው ሥራ ቦታዋ ነው። ቤልግሬድ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ፣ የዳንስ፣ የኮምፒውተርና የአጥንት ሕክምና ምሁራን ተዳብለው የሕዝብ ጭፈራ የሚያጠኑበት ክፍል አለ። ሦስቱ ወገኖች ተስማምተው የሚያውቁት ሻይ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። እሷ የዳንሱ አጥኚ ናት። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ትቀርና ኮምፒውተሩን ትከፍታለች፤ ትራይሎም በነጫጭ ነጥቦች ተሠርቶ ብቅ ይልና ይጨፍርላታል።

በሕይወት ሳለ ጭፈራውን በካሜራ የቀዳችው እሷው ናት። ትንንሽ ኳሶች የተለጣጠፉበት ጥብቅ ጥቁር ልብስ ሲያለብሱት፣ «ኧረ ምን አስመሰላችሁኝ!» እያለ በሳቅ ፈርሶ ነበር። የአገራቸው ጭፈራ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚዞሩት ነው። ሰው ከሰው ሲጠጋ ግን ካሜራዎቹ ኳሶቹን ያምታታሉ ተባለና ብቻውን እንዲጨፍር ተወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር የሚወስነው መቼም የተማረ ሰው ነው። ትራይሎ ግራ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ፣ ሁልጊዜ እሷ ወደምትቆምበት ጎን ትንሽ ዘንበል እያለ ጨፈረላቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ ገና በጎልማሳነቱ፣ ልቡ ቀጥ አለች።

ዮርጎቫንካ የምትሳሳው ለዚያች ዘንበል ማለት ነው። ነጥቦቹ ወደ ግራ ሲያደሉ የራሷን እጅ ወደ ስክሪኑ ትሰዳለች። ሰው ቢያያት አበደች ይላል፤ ናፍቆት ደግሞ ከዚህ የባሰም ያስደርጋል።

ትራይሎ የተወለደው ዳኑብ ዳር፣ ቭላክ ከሚባሉት ሕዝቦች መንደር ነው። እዚያ ለሞተ ሰው ይጨፈርለታል። ቤተሰቡ ጥቁር ለብሶ ይቆይና በፋሲካ ሰሞን በስሙ አንድ ጭፈራ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ሐዘኑ ይወጣል፣ ጥቁሩም ይወልቃል። እናቱ ፍሎሪካ ያለ ሚስቱ አይሆንም ብላ እስካሁን ጥቁሯን አላወለቀችም። አምና ዮርጎቫንካ ቀረች። ዘንድሮም ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ዘንድሮም ልትቀሪ ነው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እኮ እማማ።»

«ሥራ! የመንደሩ ሙታን ሁሉ በወዲያኛው ዓለም ሲጨፍሩ፣ ጭፈራ ያልተሰጠው የኔ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። እሱ? ሙዚቃ ሰምቶ እግሩ የማያርፍለት ልጅ?»

ትራይሎ ጭፈራው ከተሰጠው ይሄዳል፤ ዮርጎቫንካ ደግሞ እንዲሄድባት አትፈልግም። ይህን ለእናቱ እንዴት ይሏታል?

ፋሲካ ሲቃረብ፣ ኦግኔን የሚሉት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ዮርጋ፣ የምሥራች! የትራይሎን ቅጂ አጸዳሁልሽ። ሰውየው ወደ ግራ ያጋድል ነበር፣ ካሜራው ተዛንፎ መሰለኝ። ቀጥ አደረግኩት።»

«የድሮውስ?»

«ቦታ እንዳያጣብብ… አጠፋሁት።»

ከፈተችው። ትራይሎ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ማንም ሳያደላ ይጨፍራል። እርምጃው ያው ነው፤ ሰውየው ግን የለም።

«ስህተት አልነበረም አንተ! እዚያ ጋ የምቆመው እኔ ነኝ!» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ኦግኔን ጥፋቱን ሊክስ፣ «ለፋሲካ የትራይሎ መንደር ድረስ እኔ ላድርስሽ» አለ። ከእንግዲህ የምትጠብቀው ነገር ስላልነበራት እሺ አለች።

በፋሲካ ማግስት መንደርተኛው አደባባዩን ሞልቶ ነበር። የትራይሎ አጎት ሻማና ፎቶውን ይዞ ከፊት ሆነ። ፍሎሪካ ምራቷን በግራ እጇ ይዛ የጨፋሪዎቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ አቆመቻት። መለከቱ ተነፋና መዞር ጀመሩ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ዮርጎቫንካ እጇ ሲሳብ ተሰማት። አሮጊቷ ወደ ግራ፣ ወደ እሷ፣ ትንሽ ዘንበል አለች። ያቺው ናት።

«እማማ፣ ለምንድን ነው ወደ እኔ ዘንበል የሚሉት?»

«እኔ? አዪ… ትራይሎ ዳዴ እንዳቆመ እዚሁ ጫፍ ላይ ነበር የምይዘው። ጫፍ ላይ ያለ ሰው ሲታጠፉ ይወድቃላ! ወደ እሱ ዘንበል ትያለሽ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ለቆኝ አያውቅም። እሱም ከእኔ ነው የወሰደው።»

ዮርጎቫንካ አለቀሰች፤ እግሯ ግን አልቆመም። ዙሩ ሲያበቃ አጎትየው ሻማውን አጠፋ፣ ፍሎሪካም የምራቷን ጥቁር ሻሽ በእጇ ፈታች። ናፍቆቱ ከሻሹ ጋር አልወለቀም። እንዲያውም ባሰባት።

ወዲያው የሕያዋን ጭፈራ ተጀመረ። መንደርተኞቹ ራኪያ በሚሉት አረቄ አፍ አፉን ያሉት ኦግኔን እየተደነቃቀፈ መጥቶ ባዶውን ግራ እጇን ያዘ። መታጠፊያው ላይ ሊወድቅ ሲል ወደ እሱ አጋደለች።

«አየሽ፣ አንቺም ዘንበል አልሽ!» ፍሎሪካ ከጎኗ ጮኸች።

ኦግኔን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አያት። «ያጠፋሁት… ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው» አለችው። «በል አሁን እጄን አጥብቀህ ያዝ።»