የገጽ አሥራ ሰባት እርቅ

የሶዶን ሕዝብ፣ ትምህርት ቤትና ባህል በሠላሳ ሁለት ገጽ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት «የከተማችን ገጽታ» የሚባለው መጽሔት በየነሐሴው ከእኔ ኮምፒውተር ወጥቶ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንግዶች ይታደላል። የምሠራበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ቀርቶኛል፣ ነገር አልፈልግም።

ሐመልማል እባላለሁ። አያቴ ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን የሶዶ ልጅ ነኝ፣ ሶዶን በሚያማ ሰው ላይ ምላሴ ይረዝማል። ጎደሬ የሚያወርዱት ሴቶች ከየትኛው መንደር እንደሚመጡ፣ ጥሩ ዱንጉዛ የሚሸምነው ማን እንደሆነ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጎረቤት እንደማያስተኙ ጠይቁኝ። ከተማዬን አውቃታለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጽሔቱን በየዓመቱ አልጽፈውም ነበር። ያምናውን ከፍቼ፣ ሽፋኑ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ቀይሬ፣ የሕዝቡን ቁጥር ጨመር አድርጌ እልከዋለሁ። እንዲህ የማያደርግ የቢሮ ሰው ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ።

ዘንድሮ ለጊፋታ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች ቢሮዬ ገቡ። አንዱ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ አንገቱ ላይ ዱንጉዛ የጠመጠመ ሰው ነው። ሌላው ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ሳሮ፣ ወይዘሮ ሐመልማል» አለ ጎልማሳው። «ኤርካሎ እባላለሁ፣ የሻንቆ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። እኚህ አቶ ሻንቆ ናቸው፣ የእንሰት ማሳቸውን ለትምህርት ቤቱ የሰጡት። ከእርስዎ ጋር ልንታረቅ ነው የመጣነው።»

እኛ አገር ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። የተጣላ ሰው ዓመቱ ሳይለወጥ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፣ ይታረቃል። ይህን በገጽ ሃያ ሁለት ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ግን ከማላውቀው ሰው ጋር ታረቂ የተባልኩት ገና ዛሬ ነው፣ ደሜ ፈላ።

«እኔና እርስዎ መቼ ተጣላን? አይቼዎትም አላውቅ!»

«ጠባችን እሱ ነው» አለ። «አይተውን አያውቁም።»

መጽሔቴን ከቦርሳው አወጣና ገጽ አሥራ ሰባትን ገለጠልኝ። «ሻንቆ ትምህርት ቤት፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል» ይላል።

«እስከ ስምንተኛ ማስተማር ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው» አለ ኤርካሎ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ዘጠነኛ ክፍል ይከፈትልን ብለን ለትምህርት ቤቶች ማስፋፊያ ኮሚቴው አመለከትን። ደብዳቤያችሁና መጽሔቱ አልተጣጣሙም እያሉ ይመልሱናል። ክፍሉን ሰዉ በጉልበቱ ሠርቶታል። ረቡዕ እንደገና ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ በኋላ ምዝገባ ያልቃል። ስምንተኛን የጨረሱ አርባ አንድ ልጆች አሉኝ። ቅርቡ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከተማውን አቋርጦ ነው፤ በየቀኑ ባጃጅ የሚከፍልላቸው የለም። ወንዶቹ ለቀን ሥራ ይበተናሉ፣ ሴቶቹ ለሰው ቤት ሥራ አዲስ አበባ ይላካሉ።»

«ማኅተም ያለበት መጽሔት ነው!» አልኩ።

አቶ ሻንቆ በከዘራቸው ጫፍ ከትምህርት ቤቱ ስም ሥር ያለችውን ትንሽ መስመር ጠቆሙኝ። «በመስክ ምልከታ የተረጋገጠ» ትላለች። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለዚያ ምልከታ ወጥቼ ነበር። ዝናብ ነበር፣ አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። ከጅረቱ ወዲህ ቆሜ አንዲት ሻጭን «ትምህርት ቤቱ እስከ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ አራት አለችኝ፣ ተመለስኩ። ምናልባት ያኔ አራት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሄደ እግር የለም።

«ዛሬ ከሰዓት እመጣለሁ» አልኳቸው።

ባጃጁ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጣለኝ። አቮካዶ የምትሸጥ፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት አየችኝና ተነሣች። አስካለች ትባላለች።

«እማማ፣ እጅዎትን ይስጡኝ። ድልድዩ ግንድ ነው፣ ያንሸራትታል።»

«እማማ አትበይኝ» አልኳት፤ እጄን ግን ሰጠኋት።

ግንዱ ላይ ሳለን የት እንደተማረች ጠየቅኋት። ከዚሁ ትምህርት ቤት ስምንተኛን የጨረሰችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፣ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ። «ከዚያስ?» አልኳት። «ከዚያ አቮካዶ» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ተውኩት።

ትምህርት ቤቱን ሳየው ደነገጥኩ። ስምንት ክፍል፣ በየበሩ ላይ በምስማር የተንጠለጠለ የእንጨት ሰሌዳ፦ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እያለ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ላይ የታሰረው የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ የዕለቱን ዜና በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ያነባል። በአጥሩ ዙሪያ ልጆቹ ራሳቸው የተከሉት እንሰት ቆሟል። ዳር ላይ አንድ አዲስ ክፍል አለ፤ ወንበሩ ገብቷል፣ ጥቁር ሰሌዳው ተቀብቷል፣ ሰው የለበትም። በሩ ላይ «9ኛ» ተጽፏል። በዚያ በር ፊት ቆሜ አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ማክሰኞ የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፌ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ ኃይለመስቀል ወሰድኩ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያምነው ወረቀት ብቻ ነው፣ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚረዳው የለም።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን በቡድን፣ በመስክ መረጋገጥ አለበት። መኪናው ነዳጅ የለውም። ከጊፋታ በኋላ እናየዋለን።»

«ከጊፋታ በኋላ ምዝገባ የለም!»

«ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።»

በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት። ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ለኤርካሎ ደወልኩ። «ቡድኑ ወደ ትምህርት ቤቱ መምጣት አልቻለም» አልኩት። «ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደ ቡድኑ ይምጣ። ሰሌዳዎቹን ከየበሩ ንቀሉና በሰልፍ ኑ።» ከዚያ ሲስቅ ሰማሁት።

ረቡዕ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሳልጠራ ገባሁ። «ገጽ አሥራ ሰባት ውሸት ነው» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመስክ ተረጋግጧል ያልኩትም ውሸት ነው፤ ከጅረቱ ወዲህ ነው የተመለስኩት።» ጡረታዬ በዓይኔ ዞረ።

አቶ ኃይለመስቀል መነጽሩን አወለቀ። «ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ነው የሚሉት?»

«ይያዝ!»

ጸሐፊዋ መጻፍ ሳትጀምር ከመንገዱ በኩል ከበሮ ተሰማ። ሁላችንም ወደ ሰገነቱ ወጣን። ልጆቹ እንደ ጠዋት የባንዲራ ሰልፍ በየክፍላቸው ተሰልፈው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከፊት ትንንሾቹ «1ኛ» የሚለውን ሰሌዳ ለሁለት ተሸክመውታል። ባጃጆች ቆመው ክላክስ ያሰማሉ፣ የገበያ ሴቶች እልል ይላሉ። 2ኛ አለፈ፣ 3ኛ አለፈ፣ 4ኛ አለፈ። አቶ ኃይለመስቀል መጽሔቱን ገለጠና አየ። 5ኛ መጣ። ቀና አለ። 6ኛ፣ 7ኛ፤ 8ኛዎቹ አርባ ያህል ሆነው ሲደርሱ መሬቱን በእግራቸው ደለቁት። እርሳሱን አወጣና ገጹ ላይ ያለችውን አራት ቁጥር ሰረዛት። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

አበቃ ብለን ስንመለስ ከኋላ ሌላ ሰልፍ ብቅ አለ። ይህን እኔም አላወቅሁም ነበር። ልጆች አይደሉም። የጥበቃ ልብስ የለበሰ አለ፣ የባጃጅ ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያዞር አለ፣ ቅርጫት የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ ሴቶች አሉ፤ ስድሳ ይሆናሉ። ከፊት አስካለች ሰሌዳ ይዛለች። «9ኛ» ይላል።

«ይህስ ምንድን ነው?» አለ አቶ ኃይለመስቀል ከላይ። «ዘጠነኛ የለንም ብላችሁ አይደለም የምታመለክቱት?»

«ስምንተኛን ጨርሰን የቀረነው ነን፣ ጌታዬ» አለች አስካለች። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። «ክፍሉ አለ፣ እኛም አለን። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

አቶ ኃይለመስቀል እርሳሱን አስቀምጦ እስክሪብቶ አወጣ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው ዞረ። «ቡድኑ ሙሉ ነው?» አለ። ሙሉ ነበር። «እንግዲያው መስኩ መጥቷል። ጻፊ፦ በመስክ ተረጋግጧል።» እዚያው የሰገነቱ መከታ ላይ ፈረመ። ከታች የተነሣውን ጩኸት ዳሞታም ሳይሰማው አልቀረም።

እሑድ ጊፋታ ኤርካሎ ቤት ነበርኩ። አቶ ሻንቆ የእኔንና የኤርካሎን እጅ አጨባብጠው መረቁን። ከቆጮ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ ሙቹዋ ጎረሥኩ፣ ከሥጋው ጋር የቀረበው የቃሪያ ዳጣ አስለቀሰኝ። ሰዉ ሁሉ የታረቅኩ ስለመሰለው አጨበጨበ። እውነትም ታርቄ ነበር።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ሰሌዳው ቦታው ላይ ተመልሷል። አርባ አንዱ ልጆችና ከዚያ ከኋለኛው ሰልፍ ሃያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መምህሩ ስም ጠራ፣ መጀመሪያ የጠራው አስካለችን ነው። «አቤት» አለች፤ ልጇን ለአክስቷ አሳዝላ ነው የመጣችው።

ቢሮ እንደገባሁ ያምናውን አልከፈትኩም። ባዶ ገጽ ከፈትኩና ከገጽ አሥራ ሰባት ጀመርኩ። «ሻንቆ ትምህርት ቤት፤ ከ1ኛ እስከ 9ኛ ክፍል» አልኩ። ከሥሩ «በመስክ ምልከታ የተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር።